የብሎክ ተወካይ ልሁን ወይስ ይቅርብኝ?

ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ የምትኖሩበት የዶርም ብሎክ ተወካይ ሁኑ ስትባሉ መጀመሪያ የሚነገራችሁ ጥቅሙ ነው። ከኃላፊዎች ጋር ትተዋወቃላችሁ፣ ሲቪ ላይ ይገባላችኋል፣ ተማሪው ያከብራችኋል ይባላል። ውሸት አይደለም። ግን ይህ ሁሉ የሚነገረው ትምህርት ገና ሳይጀመር፣ ማንም ባልደከመበት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የሥራው እውነተኛ መልክ የሚታየው ፋይናል ሲቃረብ ነው። ውሃ ጠፍቷል፣ የጅማ ዝናብ አላባራም፣ ነገ ጠዋት ፈተና አላችሁ፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በራችሁ ይንኳኳል።

ጅማ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ የተማርኩትም እዚሁ ነው። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ እስክመረቅ ድረስ የሴቶች ዶርም ተወካይ ነበርኩ። አሁን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ዩኒቨርሲቲ የገቡ ተማሪዎቼ በየዓመቱ ይደውሉልኛል። "ቲቸር፣ ተወካይ ሁኚ እያሉኝ ነው፣ ልግባበት?" ትለኛለች አንዷ። ስኮላርሺፕ አግኝቶ አሜሪካ የሄደው ደግሞ "ቲቸር፣ ሬዚደንት አሲስታንት ለመሆን ላመልክት ወይ?" ብሎ ይጽፍልኛል።

ለሁለቱም የምለው ይኸው ነው። ጥቅሙን በአንድ በኩል፣ ጉዳቱን በሌላ በኩል ጽፋችሁ የበዛውን አትምረጡ። ዝርዝሩ ሁልጊዜ ወደ ጥቅሙ ያጋድላል፤ ጥቅሙ ቶሎ የሚታይ፣ ጉዳቱ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነውና። ከዚያ ይልቅ ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ የምትሠሩበት ቦታ ላይ መኖር ትችላላችሁ? ሌላ ሠራተኛ ሲመሽ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እናንተ የምትሄዱበት ቤት ራሱ መሥሪያ ቤታችሁ ነው።

ሥራው ምንድን ነው?

እኛ ጋ ዶርሙን የሚያስተዳድሩት ፕሮክተሮች ናቸው። ደሞዝ የሚከፈላቸው ሠራተኞች ናቸው። ፍራሽና ቁልፍ ያስረክባሉ፣ የተሰበረ ያስመዘግባሉ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ንብረት መመለሱን የሚያረጋግጠውን ክሊራንስ ይፈርማሉ። ተወካይ የሚባለው ተማሪ ደግሞ በፕሮክተሩና በተማሪው መሀል የሚቆም ነው። ቧንቧ ሲፈስ፣ አምፖል ሲቃጠል፣ ትኋን ሲገባ፣ ሁለት ልጆች ሲኳረፉ፣ አንዷ ስትታመም መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው። ሥልጣን ብዙም የለውም። መረጃና ጆሮ ግን አለው።

አሜሪካ ውስጥ ሬዚደንት አሲስታንት፣ ባጭሩ አር ኤ የሚሉት ራሱ ተማሪ ነው፤ ግን ተቀጣሪ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፎቅ ወይም የፎቁ አንድ ክንፍ ይሰጠዋል፤ እዚያው ከነዋሪዎቹ ጋር ይኖራል። በተራው የሌሊት ተረኛ ይሆናል። ደንብ ሲጣስ ሪፖርት ይጽፋል። ነዋሪዎቹ እንዲተዋወቁ ዝግጅት ያዘጋጃል። ሌላው ተማሪ ሳይመጣ ቀድሞ ገብቶ ይሠለጥናል። የኛን ተወካይ ሥራ ከፕሮክተሩ ሥራ ከፊሉ ጋር ደርበው ለአንድ የሃያ ዓመት ልጅ ሰጥተውታል ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ገንዘቡን እንጨርስ

ገንዘቡን ቀድሜ የማነሳው ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር የኛ ልጅ ለአልጋውና ለካፌው በየወሩ ከኪሱ አይከፍልም። በወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ዕዳው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይመጣበታል። ስለዚህ ተወካይ በመሆኑ የሚተርፈው የቤት ኪራይ የለም። እኔ በነበርኩበት ጊዜ አበልም አልነበረውም። ሰርተፊኬትና የምስጋና ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው ጥሩ ነው፤ ሥራ ስፈልግ ተጠቅሜበታለሁ። ግን ለደብዳቤ ብላችሁ ከገባችሁ ኅዳር ላይ ትሰለቻላችሁ።

አሜሪካ ላለው ሒሳቡ ሌላ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለአር ኤ የመኝታ ክፍሉን በነጻ ይሰጣሉ። አንዳንዶቹ ምግብ ይጨምራሉ፣ አንዳንዶቹም ትንሽ ገንዘብ። እዚያ አገር መኝታና ምግብ በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ልጄ፣ ተደስተህ ከመፈረምህ በፊት ግን ሦስት ነገር አጣራ። አንደኛ፣ የክፍሉ ዋጋ በፋይናንሻል ኤይድህ ላይ ተቆጥሮ ሌላው እርዳታ ሊቀነስብህ ይችላል። ቢሮው ሄደህ "ይህን ሥራ ብይዝ በእጄ የሚተርፈው ስንት ነው?" ብለህ ጠይቅ። ሁለተኛ፣ ኤፍ ዋን በሚባለው የተማሪ ቪዛ ያለ ልጅ ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት ግቢ ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት አይፈቀድለትም። ቤተ መጻሕፍት ወይም ላብ ውስጥ ሌላ ሥራ ካለህ ሰዓቱ እንዴት እንደሚደመር የውጭ ተማሪዎች ቢሮን ጠይቅ። ሦስተኛውና እኔን የሚያሳስበኝ፣ ቤቱ ደሞዝህ ከሆነ ሥራውን ስታጣ ቤቱንም ታጣለህ። ነጥብህ ወርዶ ወይም ከኃላፊህ ጋር ሳትስማማ ቀርተህ ሚድ ተርም ላይ ብትወጣ የት ታድራለህ? አጎት ቨርጂኒያ ያለው ልጅና ማንም የሌለው ልጅ ይህን ጥያቄ እኩል አይመልሱትም።

የአሜሪካ ተማሪዎችም ቢሆኑ ይህን ዝም ብለው አልተቀበሉትም። እ.ኤ.አ. በ2002 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የአምኸርስት ግቢ አር ኤዎች በሠራተኛ ማኅበር ለመደራጀት ድምፅ ሰጥተዋል። ሥራ ነው፣ ሥራ ከሆነ ደግሞ ውል ይኑረው ነው ነገሩ። እዚህም ያለ ደሞዝ የምትሠሩት ይህን አስተሳሰብ ብትይዙ ደስ ይለኛል። አበል ባይኖርም የሥራው ወሰን መታወቅ አለበት።

የምታተርፉት

ከዚህ ሥራ ያተረፍኩትን ትልቁን ነገር ሌላ ቦታ አላገኘውም ነበር። ሰው ከተናገረው ነገር ሥር ያለውን መስማት ተማርኩ።

አንድ ክፍል ነበረ፣ ስድስት ልጆች ያሉበት። አምስቱ ተሰብስበው መጡብኝ። ስድስተኛዋ ትዕቢተኛ ናት፣ ሰላም ስንላት አትመልስም፣ መብራት እያጠፋች ታስቸግረናለች አሉ። ልጅቷ ከጅማ ዞን ገጠር የመጣች ነች። ከላውንጁ ጀርባ ካለው አግዳሚ ላይ ወስጄ ለብቻዋ አነጋገርኳት። በአማርኛ ስጀምር አንገቷን ደፋች። "አካም ጅርታ?" ስላት ቀና አለች። ከዚያ በኋላ ማቆሚያ አልነበራትም። አማርኛው ስለሚከብዳት ይስቁብኛል ብላ ነው ዝም የምትለው። መብራቱን የምታጠፋው ደግሞ ንጋት ላይ ለሶላት ስለምትነሳ፣ በጊዜ ካልተኛች ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ስለምታንቀላፋ ነው። ከአምስቱ አንዷ ደግሞ የፋርማሲ ተማሪ ናት፣ ሌሊቱን ካላነበበች ነገር የማይገባት። ሁለቱም ትክክል ነበሩ።

ስድስቱንም አልጋ ላይ አስቀምጬ መብራቱ ስንት ሰዓት ይጥፋ አልኳቸው። እኔ አልወሰንኩም። እኩለ ሌሊት ላይ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ የምታነብ ወደ ማንበቢያ ክፍል ትሄዳለች፣ በሶላት ሰዓት የምትነሳዋ በስልኳ ብርሃን ትጠቀማለች። ወረቀት ላይ ጽፈው ሎከሩ ላይ ለጠፉት። አንዷ ልጅ "አካም ጅርታ"ን ለመለማመድ ስትሞክር ሁሉም ሳቁ፤ ባለአገሯም አብራ ሳቀች። ዛሬ ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲያጉረመርምብኝ መጀመሪያ ለብቻው የማነጋግረው ከዚያ በለመድኩት ነው።

ሌላም አለ። ቢሮዎች እንዴት እንደሚሠሩ ታውቃላችሁ። የቧንቧ ጥገና ማመልከቻ በማን በኩል እንደሚያልፍ፣ የትኛው ወረቀት ያለ ማኅተም እንደማይንቀሳቀስ፣ ከኃላፊ ጋር ሳይጮኹ እንዴት እንደሚከራከሩ። የዚህ ጥቅሙ ተመርቃችሁ መሥሪያ ቤት ስትገቡ ይገባችኋል።

ፍሬሽ ተማሪ የሚሰጣችሁ ፍቅርም አለ። ከቤቷ ወጥታ የማታውቅ ልጅ መጀመሪያ የምትይዘው እናንተን ነው። አንዷ ከደጋ አገር የመጣች ልጅ ሌሊት ትኩሳት ያዛት። በር ላይ ስትደርስ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል፣ ጋቢዋን ተከናንባለች፣ ላቧ ግን ይንጠባጠባል። ጅማ ውስጥ ወባ መኖሩን አታውቅም ነበር። ፕሮክተራችንን ቀሰቀስኳቸው። ጃንጥላ ይዘው ወጡ፣ ጥበቃው ባትሪ አበራልን፣ በዝናብ ክሊኒክ አደረስናት። ደም ተመረመረች፣ ወባ ነው ተባለች፣ መድኃኒት ጀመረች። በማግስቱ እናቷ ደውለው እስኪበቃቸው መረቁኝ። "የእናት ምትክ ሁነሽልኛል፣ ወልደሽ ሳሚ" አሉኝ። እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ያን ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፈተና ነበረኝ። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ገብቼ ሠራሁ። ውጤቱ እንደለመድኩት አልነበረም። ምርቃቱም የወረደውም ውጤት የአንድ ሌሊት ናቸው፤ አንዱን ብቻ መርጣችሁ መውሰድ አትችሉም።

የሚያስከፍላችሁ

ካፌ ተሰልፋችሁ "ውሃው መቼ ነው የሚመጣው?" ትባላላችሁ። ሻወር ቤት ፎጣ ታጥቃችሁ "አምፖላችን እኮ አልተቀየረም" ትባላላችሁ። በጅማ ክረምት ልብስ አይደርቅም። ልጆች ኮሪደር ላይ ገመድ ይዘረጋሉ፣ ከታች ውሃ ይንጠባጠባል፣ አንዷ ትንሸራተታለች፣ የገመዱ ባለቤትና የወደቀችው ልጅ ተያይዘው እናንተ ጋ ይመጣሉ። እያንዳንዱ ነገር ትንሽ ነው። የሚያደክመው አለማለቁ ነው።

ጓደኝነት ይለወጣል። ከመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ አብራችሁ የበላችሁ ልጅ የተከለከለ የኤሌክትሪክ ምድጃ አልጋዋ ሥር ደብቃለች እንበል። ሁሉም ያውቃል። ዝም ካላችሁ ሌላዋን መናገር አትችሉም። ከተናገራችሁ ጓደኛችሁን ታስቀይማላችሁ። የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፤ በተደራራቢ አልጋና በፍራሽ በተሞላ ክፍል ውስጥ እሳት ቀልድ አይደለም፣ ይነገራል። ግን ቀድማችሁ ለራሷ ንገሯት፣ እንድታወጣ አንድ ቀን ስጧት። የምትቀየም ትቀየማለች።

ከሁሉ የከፋው ስርቆት ነው። አንድ ማታ የአንዷ ልጅ ስልክ ጠፋ። ልጅቷ ታለቅሳለች፤ አባቷ ቡና ሸጠው የገዙላት ስልክ ነው። ጓደኞቿ በሩን ዘግተው "ሎከር ሁሉ ይፈተሽ፣ አንቺ ተወካይ ነሽ፣ ጀምሪ" አሉኝ። አንድ ልጅ ላይ ዓይናቸውን ጥለዋል። ቤተሰቧ ድሃ ስለሆነ ብቻ። "የማንንም ሎከር አልከፍትም" አልኩ። ፕሮክተርና ጥበቃ ጠራሁ፣ በሥርዓቱ ተመዘገበ። ስልኩ አልተገኘም። ባለቤቷ እስክትመረቅ ድረስ ሰላም አላለችኝም። ያቺ የተጠረጠረችው ልጅ ግን አንገቷን ሳትደፋ ትምህርቷን ጨረሰች። ዛሬም ቢሆን የማደርገው ያንኑ ነው። መፈተሽ የእናንተ ሥራ አይደለም። ሕዝብ ተሰብስቦ ሲጮህባችሁ ይህን ደግማችሁ መናገር የምትችሉ ካልሆነ፣ ይህን ኃላፊነት አትውሰዱ።

ምስጢር ደግሞ አለ። ማታ አልጋችሁ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ "ለማንም አትናገሪም አይደል?" የምትል ልጅ ትመጣለች። እባካችሁ ከመስማታችሁ በፊት ቃል አትግቡ። እኔ የምለው ይህን ነበር፦ "የምትነግሪኝን አላወራውም። ሕይወትሽን የሚያሰጋ ነገር ከሆነ ግን ሊረዳሽ ለሚችል ሰው አብረን እንናገራለን።" አንዳንዷ ትሄዳለች፤ አብዛኛዋ ትቀመጣለች። መኖር ሰልችቶኛል የምትል፣ ሰው ደፍሮኛል የምትል፣ እየተደበደብኩ ነው የምትል ልጅ ምስጢር በአንድ ተማሪ ደረት ውስጥ መቅረት የለበትም። የግቢው ክሊኒክ፣ የምክር አገልግሎትና የሥርዓተ ጾታ ቢሮ የት እንደሆኑ፣ ማታ ማን እንደሚገኝ አስቀድማችሁ እወቁ። አሜሪካ ላላችሁት ደግሞ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አር ኤ የጾታ ጥቃት ሲነገረው ለዩኒቨርሲቲው ማሳወቅ ግዴታው ነው ይላሉ። ልጅቷ ከመናገሯ በፊት ይህን ልትነግሯት ይገባል። ከተናገረች በኋላ መንገር ማታለል ይሆናል።

በጅማ የምትማሩ በተለይ

ጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱና የእርሻ ኮሌጁ ተዋህደው የተመሠረተ ነው። ከጥንቱም ማኅበረሰብ ተኮር በሆነ ትምህርቱ ይታወቃል። ለእናንተ ይህ ምን ማለት ነው? የጤና ተማሪ ከሆናችሁ በቡድን ሥልጠና እንደ አጋሮ፣ ሰርቦ ወይም አሰንዳቦ ወዳሉ ከተሞች ለሳምንታት ትወጣላችሁ። እናንተ ስትወጡ ብሎኩ አይወጣም። ተወካይነቱን ከመቀበላችሁ በፊት ዲፓርትመንታችሁ የሚወጣበትን ጊዜ አረጋግጡ፤ ምክትል ይመደብ ብላችሁም በጽሑፍ ጠይቁ። ምክትል የሌለው ተወካይነትን እኔ አልመክርም።

ጂሲ፣ ማለትም ተመራቂ ተማሪ ከሆናችሁ ደግሞ ቁርጡን ልንገራችሁ፤ አትግቡ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለመመረቅ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና አለ። የአራትና የአምስት ዓመት ትምህርት መከለስ፣ ፕሮጀክት ማስረከብ፣ ከዚያ ላይ የብሎክ ጣጣ አይሆንም። ሁለተኛ ዓመት ከሁሉ የተሻለ ጊዜ ነው። ግቢውን ለምዳችኋል፣ የፍሬሽ ጭንቀትም ገና ከልባችሁ አልጠፋም።

እንዴት ትወስናላችሁ?

ከእናንተ በፊት የነበረውን ተወካይ ፈልጉ። በምዝገባ ሳምንት ሳይሆን በሚድ ወይም በፋይናል ሳምንት ክፍሉ ሂዱ። ሻይ ይዛችሁ ሂዱ፣ አንድ ሰዓት ቁጭ በሉ። በሩ ምን ያህል እንደሚንኳኳ እዩ። እሱ ከሚነግራችሁ ይልቅ የበሩ መንኳኳት ብዙ ይነግራችኋል። ከዚያ "ከዚህ ሥራ የጠላኸው የቱን ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። "ምንም" ካላችሁ ሌላ ሰው ጠይቁ።

ቀጥሎ የራሳችሁን ሳምንት ወረቀት ላይ አስፍሩ። ክፍል፣ ላብ፣ ንባብ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ እንቅልፍ። እንቅልፍን ደፍራችሁ ጻፉት። አሁን ከሳምንቱ ሁለት ሌሊት ሰርዙ። የቀረው ይበቃችኋል? ነጥባችሁ አሁንም እየተንገዳገደ ከሆነ መልሱን ይዛችኋል።

ከዚያ የተማሪዎች አገልግሎት ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ። የማርፍበት ቀን አለ ወይ? እኔ ስታመም ማን ይተካኛል? መለዋወጫ ቁልፍ እይዛለሁ ወይ? ገንዘብ እሰበስባለሁ ወይ? ለቁልፍና ለገንዘብ "አዎ" ከተባላችሁ እንዲቀርላችሁ ተከራከሩ። የሰው ቁልፍና የሰው ብር የያዘ ተማሪ ነገር ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠር ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ማምለጫ ነው። ከዶርሙ ውጭ የምታርፉበት ቦታ አላችሁ? እኔ ዕድለኛ ነበርኩ። እሁድ ከሰዓት በባጃጅ ፈረንጅ አራዳ እናቴ ቤት እሄዳለሁ። ስልኬን አጠፋለሁ። እማዬ ቡና ታፈላለች፣ እኔ ሦስተኛውን ሳልጠብቅ ሶፋው ላይ እተኛለሁ። ያ ባይኖር ኖሮ አንድ ሴሚስተርም የምቆይ አይመስለኝም። ከሩቅ የመጣ ልጅ እናቱ ቤት አይደርስም። ግን የአገር ልጅ ቤት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት፣ መስጊድ፣ ወይም ወደ ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አካባቢ አየር የሚወስድበት አንድ ከሰዓት ያስፈልገዋል። ያን ቦታ በስም መጥራት ካልቻላችሁ ሥራውን አትውሰዱ። ሌላው ሁሉ ይማሩታል፣ ይህ ግን አስቀድሞ መኖር አለበት።

ከተቀበላችሁ

በመጀመሪያው ሳምንት በየክፍሉ ዙራችሁ የሰው ስም ያዙ። የሚያነክስ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ አስም ያለበት ካለ እንዲነግሯችሁ ለብቻቸው ጠይቁ። በሕዝብ ፊት አይጠየቅም። በራችሁ ላይ ሰዓት ለጥፉ፤ የቧንቧና የአምፖል ጉዳይ ከአሥራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት ማታ፣ የታመመ ሰው ግን በማንኛውም ሰዓት። ሰው ይህን ያከብራል። ሰዓት ሳይለጠፍ ግን ማንም አይገምትላችሁም።

ቴሌግራም ግሩፑ የማስታወቂያ ብቻ ይሁን። ክርክር ከተፈቀደ ሌሊቱን ሙሉ ብሔርና ሃይማኖት እየተነሣ ሲቦካ ያድራል፣ አጥፊውም አስታራቂውም እናንተ ትሆናላችሁ። ግቢ ውስጥ ነገር ሲከር የእናንተ ሥራ ልጆቹን ወደ ክፍላቸው ማስገባትና እውነተኛ መረጃ ከፕሮክተር ተቀብሎ ማድረስ ነው። የሰማችሁትን ወሬ አታስተላልፉ፤ ከራሳችሁ ወገን የመጣ ቢሆንም።

አንድ ደብተር ያዙ። የተበላሸው ነገር፣ የተነገረበት ቀን፣ የተነገረው ሰው። "ነግሬያለሁ" ብላችሁ ስትከራከሩ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

እምቢ ማለትና መልቀቅ

እምቢ ለማለት ረጅም ምክንያት አያስፈልግም። "በዚህ ሴሚስተር ትምህርቴ ከብዶኛል፣ ስለጠየቃችሁኝ አመሰግናለሁ" ይበቃል። ይሉኝታ ይዟችሁ "እሺ" ብላችሁ ከምትጠፉ፣ በግልጽ እምቢ ብትሉ ለብሎኩም ይሻላል። ታማሚ ይዛ በር ላይ የቆመች ልጅ የጠፋ ተወካይ ምንም አይጠቅማትም።

መሀል ላይ መልቀቅ ካስፈለገም ይቻላል። ለፕሮክተር በቃል፣ ለቢሮው በጽሑፍ አሳውቁ። የሚተካችሁ ሰው እስኪገኝ አንድ ሳምንት ስጡ፣ ከዚያ በላይ ግን አታራዝሙ። የግሩፑን አድሚንነት አስተላልፉ። በእጃችሁ ያለውን የግቢ ንብረት በፊርማ አስረክቡ፤ ካልሆነ በክሊራንስ ጊዜ ይፈለግባችኋል። ደብተሩንም አስረክቡ። ከማስረከባችሁ በፊት ግን ሰዎች በምስጢር የነገሯችሁን የጻፋችሁበት ገጽ ካለ ቀዳችሁ አስቀሩት። አዲሱ ተወካይ የሚያስፈልገው ያልተሠራው ቧንቧና ያልተቀየረው አምፖል ዝርዝር ነው። በቅርብ መታየት ያለባት የታመመች ልጅ ካለች ራሷን አስፈቅዳችሁ፣ ከአዲሱ ተወካይ ጋር ፊት ለፊት አስተዋውቋት።